ላይ በኩል፣ ታች በኩል

ብሪክዳል ውስጥ ላይና ታች ከከፍታ ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም። ፀሐይ የምትወጣበት ወገን ላይ ነው፤ የምትጠልቅበት ታች። ነፋሱ ከላይ መጣ ከተባለ ብርድ ነው፣ ሰማዩም ይጠራል። ከታች ከመጣ ዝናብ ነው። መንደሩ በሁለት ነጫጭ የጠመኔ ገደሎች መካከል ባለች ጠባብ ሸለቆ ተወሽቋል፤ ገደሎቹ ለባሕሩ በር ገርበብ አድርገው የተዉለት ይመስላሉ። ወደ ባሕሩ ለቆመ ሰው በስተቀኝ ያለው የላይ ገደል ይባላል፣ በስተግራ ያለው የታች ገደል፤ ቁመታቸው ግን እኩል ነው። ቃሉ ድሮ ከጀልባ ወርዶ ወደየቤቱ ገብቷል። "ድስቱን ትንሽ ወደ ታች አድርጊው" ሲባል ማንም ወለሉን አያይም።

ማሪቮን ሎዜ በዚህ አነጋገር ደህና ጥርሷን ልታጣ ነበር። ፌካን ከተማ አዲስ የመጣ የጥርስ ሐኪም የቱ ጋ እንደሚያማት ቢጠይቃት "በታች በኩል" አለችው። የታመመው የላይኛው መንጋጋዋ ነበር፤ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ ተቀምጣ ስለነበር ግራ ጉንጯ ፀሐይ ወደምትጠልቅበት ዞሯል። ሐኪሙ የታችኛውን መንጋጋ ጥርስ በጥርስ ሲያንኳኳ ቆይቶ መርፌውን አነሣ። ወንድሟ ኦዲሎን ይህን ታሪክ ካፌ ውስጥ ስንት ዓመት አወራው፤ እያወራም በየጊዜው አንድ ጥርስ ይጨምርበት ነበር።

ማሪቮን ሥጋት አብሯት ያደገ ሰው ናት። እናቷ መረብ እየጠገነች ባሕሩን የምታይበት መስኮት አጠገብ ነው የተወለደችው፤ የአባቷ ጀልባ ስትዘገይ እናቷ ዝም ትል ነበር፣ ልጅቱም ያንን ዝምታ እንደ ፊደል ቆጥራ አጠናችው። ስታድግ ፌካን ዓሣ በጭስ የሚያደርቅ ቤት ውስጥ ሠራች፤ ጸጉሯ የእንጨት ጭስ ጭስ እያለ ወደ ቤት ትመለስ ነበር። ቤቱ ሲዘጋ ማዘጋጃ ቤቱ እንግዶችን እንድታስጎበኝ ቀጠራት። ገደሉን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ በባልጩትና በቀይ ሸክላ የተገነቡትን የዙሪያ መንደሮች ታሳያለች። እንግዳ በመራች ቁጥር ዘወር እያለች ትቆጥራለች። ሁለት ብቻ ሲሆኑም ትቆጥራለች።

ጠመኔው እንደ ሌላ ድንጋይ አይደለም። ዝናብ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ሳያስጠነቅቅም ይለቃል። መንደርተኛው ተኝቶ ሳለ ጋሪ ሙሉ ድንጋይ የተገለበጠ የሚመስል ድምፅ ይሰማል፤ ሲነጋ ባሕሩ ወተት ሆኖ አድሯል። ውኃው ያንን ነጭ ጠጥቶ እስኪጨርስ ቀናት ይወስድበታል፤ እስከዚያ ድረስ ማዕበሉ የሚታለብ ነገር ይመስላል። የዚያን ዓመት መስከረሙን ሙሉ ስለዘነበ በታች ገደል አፍንጫ ላይ ስንጥቅ ታየ። ማዘጋጃ ቤቱ ገመድ ወጠረ፣ ሰሌዳ አቆመ፣ የእግር መንገዱንም ወደ ተልባው ማሳ አዞረው።

ማሪቮን የምታስጎበኛቸው ሁለት እህትማማቾች የመጡት ከዚያ በኋላ፣ ጥቅምት ሲጋመስ ነው። ከሊዮን ናቸው፤ ባሕር ከሌለበት አገር። ታላቂቱ ኦድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ቁጥብ ሴት ናት። ታናሿ ብላንዲን ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ቢጫ የዝናብ ካፖርት ለብሳለች፣ አፏም አያርፍም።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ከጣሪያው ላይ ትንንሽ መርከቦች በገመድ ተንጠልጥለዋል፤ ሸራቸው አቧራ ጠጥቷል፣ በሩ ሲከፈትም ሁሉም በአንድነት ቀስ ብለው አፍንጫቸውን ወደ ነፋሱ አዞሩ።

"እነዚህ እዚህ ምን ይሠራሉ?" አለች ብላንዲን።

"ከአውሎ ነፋስ የተረፉ ሰዎች ናቸው የሰቀሏቸው፤ ለምስጋና።"

"ያልተረፉትስ?"

"እነሱ ግድግዳው ላይ ናቸው" አለች ማሪቮን፣ በድንጋይ የተቀረጹትን ስሞች እያሳየች።

ኦድ መነጽሯን አድርጋ ስሞቹን አንድ በአንድ እንደ ሐኪም ማዘዣ አነበበቻቸው።

ከዚያ ወደ ጎረቤት መንደር ሄደው በምንጩ ዳር የሚበቅለውን ቅጠላ ቅጠል አዩ፤ ጭስ የጠጣ ዓሣ ከድንች ጋር በሉ። ኦድ ከምግብ በኋላ ታርት የሚሉትን የፖም ኬክ ፈልጋ አጣች፤ ቀኑን ሙሉ ቅር እንዳላት ነበር። "የፖም አገር ብለው አምጥተውኝ ታርት የለም" አለች። "ይተዉአት፣ ማዳም ማሪቮን" አለች ብላንዲን፤ "ባሏ ሲሞት እንኳ ለለቅሶ የመጣውን ታርት በመጀመሪያ የቀመሰችው እሷ ናት።" ኦድ አልተቆጣችም። "ደረቅ ነበር" አለች ብቻ።

ከሰዓት በኋላ ብሪክዳል ተመለሱ፤ ድሮ ሴቶች ልብስ ያጥቡበት ከነበረው የድንጋይ ገንዳ አጠገብ ቆሙ። ማሪቮን መሄድ ነበረባት፤ ኦዲሎን ዓይኑን ተቀዶ ነበር፣ ጠብታውን የምታደርግለት እሷ ናት።

"የመጨረሻውን ብርሃን የት ሆነን ብናየው ይሻላል?" ብላ ጠየቀች ብላንዲን።

"ታች በኩል አትሂዱ" አለች ማሪቮን፣ ቦርሳዋ ውስጥ ጠብታውን እየፈለገች። "ታች በኩል ዘንድሮ ጥሩ አይደለም። ላይ በኩል ሂዱና እንደ ልባችሁ ተቀመጡ።"

"ሰማሽ ኦድ? ላይ።"

"ጉልበቴስ?"

"ቀስ እያልሽ አስከትይው።"

ማሪቮን ሣቀችና ሄደች። በላይ በኩል ያለው የጠጠር ዳር ሜዳ ነው፤ የጉልበት ነገር ለምን ተነሣ ብላ አልጠየቀችም።

ኦዲሎን ካፌው ውስጥ ዶሚኖ ይጫወት ነበር። ማሪቮን ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አስደግፋ የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣቷ ገለጠች።

"አትንቀሳቀስ።"

"እጅሽ ዓሣ ዓሣ ይላል።"

"ያንተ አፍንጫ ነው የሚሸተው። ዝም በል።"

"እሺ እህት ዓለም።" ዝም ግን አላለም። "ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ያለ ደመወዝ ዘበኛ አድርጎኛል። ሰሌዳቸውን ነፋስ አምጥቶ ጓሮዬ ውስጥ ጣለው፣ ጎመኔን ሰበረው። ገመዱም አብሮ ነው የመጣው። ሰኞ እወስድላቸዋለሁ።"

"የቱን ሰሌዳ?"

"የታች ገደሉን ነዋ።"

ጠብታው ዓይኑን ስቶ በጉንጩ ወረደ።

"ለማንም አልተናገርክም?"

"ለማን ልናገር? የመንደሩ ሰው እንደሆነ ስንጥቁን ያውቀዋል። በዚህ ወቅት ማን ይመጣል?"

"እኔ እንግዶች አሉኝ።"

"የት ላክሻቸው?"

"ላይ በኩል።"

"ታዲያ ምን ያስደነግጥሻል?" አለና በእጁ ጉንጩን ጠርጎ ዶሚኖውን አነሣ። እጁ አየር ላይ እንዳለ ቆመ። "እንዴት ብለሽ ነው የነገርሻቸው?"

"ታች በኩል አትሂዱ፣ ላይ በኩል ሂዱ አልኳቸው።"

"ለሊዮን ሰዎች?"

ሊሥቅ ጀምሮ ነበር፤ የጥርሱ ታሪክ አፉ ላይ መጥቶ እንደነበር ፊቱ ላይ ይታያል። ከዚያ ሣቁ መሀል መንገድ ላይ ጠፋ። ከገንዳው አጠገብ ወደ ከፍታ የሚወጣ ደረጃ አንድ ብቻ እንዳለ፣ እሱም የታች ገደል ደረጃ እንደሆነ ሁለቱም በአንድ ጊዜ አሰቡ።

የብላንዲንን ስልክ ደወለች። ይጠራል፣ አይነሣም። ደግማ ደወለች።

"ሞተሬን ይዤ በእርሻው መንገድ ልውጣ" አለ ኦዲሎን።

"በአንድ ዓይንህ?"

"መንገዱም አንድ ነው።"

"ወደ ጫፉ እንዳትጠጋ። ሴራፊን እርሻ ቤት አቁመውና በማሳው በእግርህ ሂድ። ኦዲሎን፣ እንዳትሮጥ፤ መሬቱ ይሰማዋል።"

እሷ ወደ ባሕሩ ሮጠች። ሁለቱን ገደሎች በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ጠጠሩ ብቻ ነው። ድንብልብሉ ድንጋይ ከእግሯ ሥር እየሸሸ ሁለት እርምጃ ስትሄድ አንዱን ይወስድባታል። በላይ በኩል አንድ ሰው የለም። የባሕሩ ዳር ባዶውን እስከ ጥጉ ድረስ ተዘርግቷል። ከዚያ ዞራ ታች ገደልን አየች።

በዚያ ሰዓት የሚሆነውን ብርሃን ስንቴ አይታዋለች፤ አሁንም ልቧን ነካው፣ በዚያ ድንጋጤዋ ውስጥ እንኳ። ጠመኔው ነጭነቱን ትቶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጡን የመሰለ ሐምራዊ ሆኗል፤ የባልጩቱ ጥቁር መስመሮች ደብተር ላይ እንደተሰመሩ በአግድም ሄደዋል፤ ከሁሉም በላይ፣ የሣሩ ጠርዝ ላይ፣ አንዲት ቢጫ ነጥብ ነበረች። ከአጠገቧ ሌላ፣ የተቀመጠች ጥቁር ነጥብ።

ከላይ ሆነው የማያዩትን ማሪቮን ከታች ሆና ታያለች። ሣሩ ከጠረጴዛው ተርፎ እንደተንጠለጠለ የጠረጴዛ ልብስ ነው። እነሱ የተቀመጡበት መሬት ሥሩ ተበልቷል፤ ከበታቹ ጠመኔ የለም፤ አየር ነው ያለው፣ አየሩ ውስጥም ወፎች እየገቡ ይወጣሉ።

እጇ ሊያውለበልብ ተነሣ። አፏም ተከፍቷል። በዚያው ቅጽበት ቢጫዋ ነጥብ ቆመች፣ አንድ ክንድ ከፍ አደረገች፣ ሰላም ለማለት ወደ ፊት አንድ እርምጃ መጣች።

ማሪቮን እጇን አየር ላይ አስቀረችው። ብትጮህ ለመስማት ይጠጋሉ። ብታውለበልብ ለማየት ጎንበስ ይላሉ። ያንን እጅ ምን ታድርገው? ወደ ጸጉሯ ወሰደችው፣ ሻሿን እንደምታስተካክል ሴት። ከዚያ ጀርባዋን ሰጠቻቸው።

በሕይወቷ እንደዚህ ያለ ነገር አድርጋ አታውቅም። ቀኑን ሙሉ ዘወር እያለች የምትቆጥር ሴት ሳትዞር ሄደች፣ እንደማታውቃቸው፣ እንዳላየቻቸው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች የአባቷ ጀልባ ከአድማስ ስትታይ እናቷ የምትሮጠው ሩጫ እግሯ ውስጥ ነበር፤ እሷ ግን በዝግታ መራመድ አለባት፣ እነሱም ሰልችቷቸው እንዲቀመጡ፣ ወደ ኋላ እንዲሉ። ማዕበሉ ሲሸሽ ጠጠሩን እየጎተተ ይወስደዋል፤ ያ ድምፅ ገደል ከሚናድበት ድምፅ ጋር አንድ ነው። ማዕበል በመጣ ቁጥር ትከሻዋ ይሰበሰባል። ማዕበሉ ሲያልፍ ትተነፍሳለች። እንደገና ይመጣል።

ስልኳ ጮኸ። ብላንዲን ነበረች።

"ማዳም ማሪቮን፣ አላዩንም እንዴ? እጄ እስኪዝል አውለበለብኩልዎ።"

"አላየሁም። ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነው።" ፀሐይዋ ከጀርባዋ ነበረች።

"ስልኩ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ሲጮህ ወፍ መስሎኝ። እዚህ እንዴት ያምራል መሰለዎ፤ ልክ እንዳሉን ላይ ወጥተን..."

"ስሙኝማ" አለች ማሪቮን። ከቦታው ተነሡ፣ ራቁ፣ መሬቱ ተሰንጥቋል፤ ቃሉ ሁሉ ምላሷ ላይ ተሰልፏል። ቢደነግጡስ? ኦድ በዚያ ጉልበቷ ደንግጣ ብትነሣ፣ ብላንዲን ስንጥቁን ልይ ብላ ብትጎነበስ? "ባሕሩን ጀርባችሁን ስጡትና እዩ። ግራጫ ጣራ ያለው የእርሻ ቤት ይታያችኋል?"

"ይታየናል። ላሞች አሉ።"

"እዚያ ሴራፊን የምትባል ሴት አለች። የፖም ታርት ልታወጣ ነው፣ አሁን ከምድጃ። ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፣ በማሳው መሀል። በእግር መንገዱ አትሂዱ፣ በማሳው።"

"ፀሐይዋ ሳትጠልቅ? ትንሽ ብቻ ቆይተን..."

ከኋላ የኦድ ድምፅ ተሰማ። "ታርት አለች?"

"ሴራፊን በር ከዘጋች ለንጉሥም አትከፍትም" አለች ማሪቮን።

ብላንዲን ሣቀች። "ኦድ እኮ ተነሥታ ሄደች። ጉልበቷን ረስታዋለች። እኔ አንድ ፎቶ..."

"አንቺም ሂጂ" አለች ማሪቮን። "አሁን ሂጂ።"

ቀኑን ሙሉ ከብላንዲን ጋር እርስዎ ስትባባል የዋለች ሴት ናት። በስልኩ ውስጥ ነፋሱ ብቻ ይሰማል።

"እሺ" አለች ብላንዲን፣ እንደተቆጧት ልጅ። ስልኩ ተዘጋ።

ማሪቮን አልዞረችም። ብትዞር፣ ገና እዚያው ከሆኑ፣ ያቺ ሴት እንደገና ታውለበልባለች። እስከ መንደሩ አስፋልት ድረስ፣ እስከ ዓሣ መሸጫው ድረስ፣ ባሕሩ በቤቶቹ እስኪጋረድ ድረስ አልዞረችም፤ ከዚያ በእርሻው መንገድ ላይ ሮጠች። ጎኗ እየወጋት፣ አፏ ደርቆ፣ በየደቂቃው ቆም እያለች ታዳምጣለች። ላም ጮኸች። ሩቅ ትራክተር ይሰማል። የጋሪ ድንጋይ ሲገለበጥ አልተሰማም። ገና አልተሰማም ብላ አሰበች፣ እንደገናም ሮጠች።

የሴራፊን ቤት በር ክፍት ነበር። መጀመሪያ ያየችው በምስማር ላይ የተንጠለጠለውን ቢጫ ካፖርት ነው። ኦድ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ማንኪያ ይዛለች። ኦዲሎን ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ በሩ ጥግ ቆሟል።

"ብላንዲንስ?"

"እጇን ልትታጠብ ገብታ ነው" አለ።

ማሪቮን የበሩን መቃን ይዛ ቀስ ብላ ደፉ ላይ ተቀመጠች።

ሴራፊን፣ እንግዳ ተልባዬን ረገጠብኝ እያለች ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ስትከራከር የኖረች ግዙፍ ሴት፣ ወገቧን ይዛ ቁልቁል አየቻት። "ታርት አለ ብለሽ የላክሻቸው አንቺ ነሽ? ወንድምሽ እነሱን ይዞ መጥቶ ምድጃሽ ውስጥ ምን አለ ይለኛል። ምን ይኖራል? ድመቷ ተኝታበታለች። ከትናንት የተረፈ በወተት የተቀቀለ ሩዝ ነው የሰጠኋቸው።"

"ቀረፋው ትንሽ በዝቷል" አለች ኦድ።

ብላንዲን እጇን እያደራረቀች መጣች። ቅር ብሏታል። "ማዳም፣ እኔ ምን አጠፋሁ? መጀመሪያ ጀርባዎን ሰጡን፣ ከዚያ ተቆጡኝ፣ ከዚያ ፀሐይዋን አሳጡን፤ ታርት ደግሞ የለም።"

ማሪቮን ውሸቱን ልትቀጥል ትችል ነበር። ኦዲሎን በዓይኑ ቀጥዪ የሚላት መሰላት። ግን ብላንዲን ዓይን ዓይኗን እያየቻት ነው። ነገረቻቸው። ስለ ስንጥቁ፣ ስለ ሰሌዳው፣ ላይና ታች እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ። ከታች ሆና ያየችውን፣ የጠረጴዛውን ልብስ፣ እሱን መጨረሻ ላይ ተናገረችው።

ኦድ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አኖረች። ብላንዲን ቀስ ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ላይ ብለውን ላይ ወጣን" አለች። "ሰው ላይ ሲባል ሌላ የት ይሄዳል?"

"ልክ ነሽ" አለች ማሪቮን። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ጀርባዎን የሰጡን ለዚያ ነው?"

"ለዚያ ነው።"

ብላንዲን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ መጥታ በሩ ደፍ ላይ ከአጠገቧ ተቀመጠች፤ ቦታው ጠባብ ስለነበር ተገፋፉ። ኦድ ከውስጥ "ሩዙን ማን ይጨርሰዋል?" ስትል ሰሙ።

በማግስቱ ኦዲሎን ሰሌዳውን በሁለት አዳዲስ እንጨቶች መልሶ ተከለ፤ እህትማማቾቹም አገራቸው ገቡ። ከዚያ ሁሉም የገደሉን መናድ ይጠብቅ ጀመር፤ ከሁሉም በላይ ማሪቮን። ጠዋት ምድጃ ሳትለኩስ፣ ፊቷን ሳትታጠብ፣ ካፖርት በሌሊት ልብሷ ላይ ደርባ እስከ ጠጠሩ ትወርዳለች። ገደሉ አለ። ኅዳር አለቀ፣ አለ። በጥር ከታች የመጣው ነፋስ የካፌውን ጣራ ገለጠ፤ ከላይ ገደል፣ ማንም ካልጠረጠረው ቦታ፣ ቤት የሚያህል ጠመኔ ወደቀና ባሕሩ ነጭ ሆኖ ሰነበተ። የታች ገደል አፍንጫ ግን ሣሩን አንጠልጥሎ እንደነበረ ቀረ።

"ባይናድስ?" አላት ኦዲሎን አንድ ጠዋት፣ ሊፈልጋት ወርዶ። ዓይኑ ድኗል፤ አሁን ሁሉንም አጥርቶ ያያል፣ በዚህም ይመጻደቃል። "መቶ ዓመት ቢቆምስ? ካፌው ውስጥ ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ? ማሪቮን ሁለት አሮጊቶችን ለቀዝቃዛ ሩዝ አስሮጠች ነው የሚሉት።"

"ይበሉ።"

"እንዲወድቅ ትፈልጊያለሽ እንዴ?"

ማሪቮን ወደ ገደሉ አየች። ቢወድቅ፣ በዚያ ምሽት እጇን ጸጉሯ ላይ አድርጋ የቆመችበት ቅጽበት ሁሉ እንደገና ይመጣባታል። ካልወደቀ ደግሞ ነገ ጠዋትም መምጣት አለባት።

"ብርድ ነው፣ ና እንግባ" አለችው። እሱ ቀድሟት ሄደ። እሷ ሳትነቃነቅ ትንሽ ቆየች። ከተንጠለጠለው ሣር ላይ አንድ ነጭ ወፍ ተነሥቶ፣ አየሩን አንድ ጊዜ ዞሮ፣ እዚያው ተመልሶ ተቀመጠ። ማሪቮን ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ የወፉ ክብደት እስኪረጋ ጠበቀች።